እህቴን ከሥዕሉ ሳወጣት

ማክሰኞ
እህቴ አስናቀች ደግሞ ደወለች። ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ጋ እንኳ ሳልደርስ ጀመረችኝ። "ካንሰል አድርጊው፣ ወይ እኔን አውጪኝ።" ሥዕሌ ቅዳሜ እዚህ ኦሮራ፣ የኢትዮጵያውያን ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ይሰቀላል፤ የልጇ የናቲ እጮኛ ቤተሰቦችም ከጎረቤት ከተማ ከሴንቴኒያል ይመጣሉ። ሥዕሉ ላይ እናታችን ገበያ ሸክላዋን ዘርግታለች። እኔና አስናቀች፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች፣ ከኋላዋ ቆመናል። ገበያተኞቹ "ቡዳ ናቸው" ብለው የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ያየሁትን ነው የሳልኩት።
"እዚህ ማን ያውቀናል? ለምን ታሳውቂብናለሽ?" አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁባት።

ረቡዕ
ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር፣ እሷ ቤት ሄጄ ስንጨቃጨቅ አመሸን። የራሴን ሕይወት ለመሳል ፈቃድ ልጠይቅ እንዴ? ግን ፊቱ የእሷ ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፣ ግማሽ እውነት አላት።
"ሠርጉ ቢፈርስ ናቲን አንቺ ታጽናኚዋለሽ?" አለች። የመኪናዬን ቁልፍ አንስቼ ወጣሁ።

ሐሙስ
አወጣኋት። ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ቡናማ ቀለም ደራረብኩባትና በቦታዋ ትልቅ ጋን ሳልኩ። ጋኑ አማረ። እሱም አበሸቀኝ።

ዓርብ
የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ ሥዕሉን ሲረከቡ "ጋኑ ግሩም ነው፣ ባህላችን!" አሉ። ስለ ነጠላዎቹ ትንፍሽ አላሉም። ሸክላ ሲሆን ባህል፣ ሰው ሲሆን ቡዳ። "እናቴና እኔ" የሚለውን ርዕስ "ሸክላ ሠሪዎች" እናድርገው ቢሉኝ አሻፈረኝ አልኩ። እሱን እንኳ አሸነፍኩ።

ቅዳሜ
ፓርኪንግ እስኪጠፋ ሰው መጣ። የሙሽሪት እናት ወይዘሮ ሙሉ ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆዩ። አስናቀች ሳንቡሳ ይዛ አጠገባቸው ነበረች።
"ይቺ ልጅ አንቺ ነሽ?" አሉኝ።
"አዎ፣ እኔ ነኝ።"
"ምስኪን። ይህን ሁሉ ብቻሽን?"
ምን ልበል?
"ብቻዋን አልነበረችም" አለች አስናቀች። "እኔም እዚህ ጋ ነበርኩ።" ጋኑን በጣቷ ነካችው።
ወይዘሮ ሙሉ ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ልጃቸውን ፍለጋ ሄዱ።

እሑድ
ከሴንቴኒያል የደወለ የለም። አስናቀች ግን ገና በጠዋቱ ደወለች። ልታለቅስብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ "መልሰሽ ሳዪኝ" አለች። "ቀሚሴ ቢጫ ነበር፣ ቡናማ እንዳታደርጊብኝ።" ሳምንቱን ሙሉ አንጨርጭራኝ፣ አሁን ደግሞ ቀለም ታዘኛለች። ቢጫ አልቆብኛል። የቀለም ሱቁ እስኪከፈት በሩ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጫለሁ።