ለአንዲት ጂን የተሰጠ ዕድሜ

የእህትና የወንድም ልጆች «እትዬ አይጥ» እያሉ የሚጠሯቸው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ፣ ከጫማ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጀምረው በዩኒቨርሲቲ በማዕረግ ተመረቁ። በሃያ ስምንት ዓመታቸው ከፊዚክስ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ልጅ ለማግኘት ብዙ ደጅ ቢጠኑም አልሆነላቸውም፤ ይህንንም ደብቀውት አያውቁም።

የሥራ ዘመናቸውን ሁሉ የሰጡት ለአንዲት ጂን ነው። በሰውነታችን ውስጥ ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሉ፤ ከዚህች ጂን የሚገኘው ፕሮቲን ደግሞ ቆራጮቹን ልክ ያስይዛል። በቤተ ሙከራ ጂኗን ያጠፉባቸው ወንድ አይጦች መልካቸው እንከን አልነበረውም፤ ነገር ግን አንዲትም እንስት አላስረገዙም። ባልደረቦቻቸው በመኖው ሲያመካኙ፣ እትዬ «አይጥ በበላ ዳዋ ለምን ይመታል?» ብለው አሳቋቸውና የወንዶቹን ዘር መረመሩ። ቆራጮቹ ከልካይ አጥተው የዘር ሕዋሱን አበላሽተውት አገኙ።

ከዓመታት በኋላ የታናሽ እህታቸው ልጅ ገና በሕፃንነቷ በሳንባ ምች ላይ ሳንባ ምች ይደራረብባት ጀመር። ነጭ የደም ሕዋሶቿ ገና ከመፈጠራቸው ይሞቱ ነበር። እትዬ ሐኪሟን «ያቺን የኔን ጂን ፈትሹልኝ» አሏቸው።

«እርስዎ ደግሞ ሰውን ሁሉ ከአይጥዎ ጋር ያዛምዱታል!» አሉ ሐኪሙ። ፈተሹ፤ ጂኗ ተበላሽታ ተገኘች።

እትዬ ውጤቱን ይዘው ወደ ሕፃኗ እናት ሄዱ። ከዚያ እህታቸውን አቅፈው «እታለም፣ ሕዋሶቿ ተሐዋስያንን የሚገድሉበት ቆራጭ ራሳቸውን እየበላቸው ነው። ይቺ ጂን የሚወለደውንም የተወለደውንም ትጠብቅ ኖሯል! ስንት ዓመት አብሬያት ኖሬ ግማሿን እንኳ አላወቅኋትም» አሉ።

ሕፃኗን የሚያድናት የሌላ ሰው የአጥንት መቅኔ ብቻ ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ ሲመረመር የተስማማው የእትዬ ሆነ። ሰጧትም፤ ልጅቷም ድናለች።

እትዬ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ሐሙስ በሰባ አንድ ዓመታቸው ተለዩን። ባለቤታቸውን፣ እህታቸውንና ያስተማሯቸውን በርካታ ተመራማሪዎች ትተው ሄደዋል። ይህን ታሪክ ቆማ የምታነብላችሁም ያቺው የእህታቸው ልጅ ናት፤ አሁን በዚህች ሰዓት በደም ሥሯ የሚዘዋወረው ደም የሚወለደው ከእሳቸው መቅኔ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያኑርልን፤ ለሁላችንም መጽናናትን ያድለን። አሜን።