የኮምፒውተሩ ዳንቴል

ይድረስ ለልጄ ለቶኩማ፣ ጁባ። ሰላምህ ይብዛልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጌጃ ሰፈርም እንደተውከው ነው።

ኮምፒውተርህ ብቻ በራሱ እየጠፋ አስቸገረኝ። መብራት ሄደ ብዬ ስወጣ የጎረቤት በርቷል። ሶኬቱን ባስቀይርም አልተወም። ሠሪው ደጉ መጥቶ ሲነካው ይፋጃል። «ማዘር፣ ያፈነው እኮ ይሄ ዳንቴል ነው!» ብሎ ሳቀብኝ። አቧራ እንዳይነካው ብዬ ያለበስኩት! ፋኑን ጠርጎ «ማታ ማታ ያጥፉት፣ ይረፍ» ሲለኝ እሺ ብዬ ሸኘሁት።

አላጠፋሁትም። በእሱ ስትደውልልኝ የሚጮኸውንም ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌዋለሁ፤ ጓዳ ብሆንም ይሰማኛል። ዳንቴሉን ወንበርህ ላይ አንጥፌዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ጁባ የምትነግደው ሀያት ናት። የፊተኛውን «እዚያ የለም አሉኝ» ብላ መልሳልኛለች። ቤት ቀይረህ ይሆናል።

እመብርሃን ባለህበት ጥላ ትሁንህ።

እናትህ ወይንሀረግ