አባዬና የዝናም ቤት

ጥቅምት 6

ቀኑን ሙሉ መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ ስበላ ዋልሁ። ከሥራ ስወጣ ዳቦና ሽሮ ገዛሁ። የአባዬንም የዓይን ጠብታ። ባጃጅ ጠፋ፤ እስከ ቤቴ፣ እስከ ግሽ አባይ ሰፈር በእግሬ።

አባዬ ጠዋት የተውኋቸው ቦታ፣ በር ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ወደ ሐይቁ ነው። ሐይቁ ከዚህ አይታይም... ቢታይስ ለእሳቸው ምን?

«ደኅና ዋሉ አባዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

አለቀ። የዛሬው ወሬያችን ይኸው ነው። አርባ ዓመት በመሪጌታነት ያገለገሉበትን የዘጌን ቤተ ክርስቲያን ትተው፣ ዓይናቸው ሲጠፋ እኔ ጋ ከመጡ አራተኛ ወራቸው። ሐኪሙ ሞራው በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል ብሏል። እሳቸው እምቢ አሉ። «ከእንግዲህ ምን ላይ ብዬ?» አሉኝ።

ጥቅምት 11

መሪማ መጽሐፍ ሰጠችኝ። ከፊት ለፊቴ ናት የምትሠራው፤ ስድስት ዓመት አብረን ቆይተን መጽሐፍ እንደምታነብ አላውቅም ነበር። እሷም ስለ እኔ አታውቅም።

«መስዑድ ጀልባው ላይ አገኘው» አለችኝ። መስዑድ ወንድሟ ነው፤ ዘጌ ሰው ያመላልሳል። «ተሳፋሪ ረስቶት። ሁለት ወር አስቀመጠው፣ የጠየቀ የለም።»

ሽፋን የለውም። የመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾችም የሉም። ውሃ ነክቶት አብጧል፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

«ስለ ምንድን ነው?»

«አንብቢውና እናወራለን።» ሌላ ምንም አልነገረችኝም።

ጥቅምት 12

ናርዳ። ስሟ ናርዳ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ዝናሙን የተሰረቀ አገር አለ። የቀረችው ዝናም በአንድ ቅል ውስጥ ናት። ቅሉን የተሸከመችው ናርዳ ናት። መንገድ ላይ የጠማው ሰው ከለመናት እምቢ ማለት አትችልም። በሰጠች ቁጥር ያገሩ ዝናም ይቀንሳል። ትከሻዋ ላይ አንድ ወፍ ተቀምጧል፤ በዋሸ ቁጥር ላባው ይረግፋል።

ምሳ ሰዓት ምሳ አልበላሁም። ስንት ዓመቴ ነው እንዲህ ከሆንሁ?

ጥቅምት 15

ዛሬ የሆነውን እንዴት እንደምጽፈው...

ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፄም ትንሽ ይሰማል። አባዬ ከመጋረጃው ወዲያ ጋደም ብለዋል፤ የተኙ መስሎኝ ነበር። ገጹ ሲያልቅ ዝም አልሁ። ሳል አሉ።

«ወፉስ?»

«ምን አሉ አባዬ?»

«ወፉ። ላባው ረገፈ ወይስ አልረገፈም?»

መጽሐፉን ከቀሚሴ ሥር ሸሸግሁት። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ! እኒህ እኮ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከፍራሼ ሥር ልቦለድ አግኝተው ሐይቁ ውስጥ የወረወሩት ናቸው። ወረወሩትና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በፊታቸው እንዲህ ያለ መጽሐፍ ገልጬ አላውቅም።

«ረገፈ» አልሁ።

«ስንት?»

«ሦስት።»

«ዋሽቷላ!» አሉ። ሳቁ እንዴ? ሳቅ መሰለኝ።

ጥቅምት 23

በየቀኑ ከሥራ እንደመጣሁ እናነባለን። አባዬ አሁን በር ላይ አይቀመጡም፤ ወንበራቸውን ከእኔ ጎን አስጠግተዋል። ደራሲውን ያርሙታል። «ይህ ግስ እንዲህ አይረባም። የት ነው የተማረው?» ይላሉ። ቀጥዪ እንደማለት ነው።

ትናንት የት እንዳቆምሁ ጠፋኝ። «ከተራራው ወርዳ የአንጥረኛው ደጃፍ ቆማ ነው የተውሻት» አሉ። ከዚያ ያንን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን በቃላቸው ወጡት። አንድ ቃል አልሳቱም። አንድ ጊዜ ሰምተው!

ኅዳር 2

አለቀ።

«ከዚህ በኋላ የለም አባዬ።»

«እንዴት የለም? ወንዝ መካከል ትተዋት ሄዱ?»

ለመሪማ ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። «እኔ ሁለት ወር እንዲህ ሆኜ ነው የከረምሁት። ብቻዬን አላብድም ብዬ ነው የሰጠሁሽ።»

ኅዳር 5

መናኸሪያው አጠገብ ላስቲክ አንጥፎ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥና የሚያከራይ ሰው አለ፤ ገድሉ ይባላል። ሄድሁ። ስሙን አላውቀው፣ ደራሲውን አላውቀው... «አንዲት ልጅ ናት፣ ቅል ተሸክማ...» ብዬ ስጀምር ብድግ አለ።

«የዝናም ቤት!»

ስሙን እንዲህ ሰማሁት። የዝናም ቤት። እየደጋገምሁ እስከ ቤቴ።

ክፍል ሁለት አለ። ግን ዱርቤቴ ከተማ የሚያስተምር አካሉ የሚባል ሰው ተከራይቶ ወስዶ አልመለሰም።

«ሦስት ጊዜ ደወልሁለት» አለ ገድሉ። «'እንደገና እያነበብሁት ነው' ይለኛል። ምን ልቆጣ? እኔም ሁለቴ ነው ያነበብሁት።»

ስልኩን ተቀብዬ ደወልሁ። «አባቴ ዓይናቸው አያይም፤ እኔ ነኝ የማነብላቸው» አልሁት።

«የት ደረሳችሁ?» አለኝ።

«ወንዙ መካከል።»

«ነገ በሚኒባስ እልከዋለሁ።»

ኅዳር 7

መጣ! በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታስሮ። ዳር ዳሩን አካሉ በእርሳስ ጽፎበታል። አንዱ ገጽ ላይ፦ «እዚህ ላይ ማንበብ አቁሜ ውጭ ወጣሁ።» እሱንም አነበብሁላቸው።

«ይህ ደግሞ ማነው?»

«ዱርቤቴ ያለው አስተማሪ ነው።»

«ደግ ሰው ነው» አሉ።

ኅዳር 16

ትናንት ጾም ገባ። መጽሐፉን ላንሣ አላንሣ እያልሁ ቆየሁ። «በጾምም እንቀጥል አባዬ?»

«ለተጠማ ውሃ መስጠት በጾም ተከልክሏል? አንብቢ።»

ታኅሣሥ 11

ሰንበት ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን ነበር። መጽሐፉን ገና አልገለጥሁም።

«ያ መጽሐፍ» አሉ። «ስሙ ማን ነበር?»

የትኛውን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ሐይቅ የገባውን። «ረሳሁት አባዬ።»

«መጨረሻውስ? ምን ሆነ?»

«አልጨረስሁትም ነበር።»

ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው... ጣቶቻቸው እንዴት ቀጥነዋል።

«ተማሪዎቼ ፊት አዋረደችኝ ብዬ ነበር» አሉ። «የመሪጌታ ልጅ ተረት ታነባለች ሊሉኝ። አንድም ሰው አላለኝም እኮ። አጥፍቻለሁ፣ ልጄ።»

ሃያ ሦስት ዓመት ስንት መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እጃቸውን ያዝሁ። ከዚያ ከአራተኛው ምዕራፍ ጀመርሁ፤ ድምፄ እስኪስተካከል ሁለት ገጽ ፈጀ።

ታኅሣሥ 20

ናርዳ ሐይቁ ዳር ደረሰች። የዝናም ቤት ውሃው ሥር ነው። ከመግባቷ በፊት አንድ ሙሉ ገጽ ቆማ ውሃውን ታያለች። «ጎህ ሲቀድ የውሃው ቀለም እንደ ርግብ አንገት ይለዋወጣል» ይላል። እዚያ ላይ አባዬ እጃቸውን አነሡ፤ አቆምሁ።

«ድገሚው።»

ደገምሁት።

«ሰባ ሦስት ዓመት እዚያ ውሃ ዳር ኖርሁ» አሉ። «መሻገሪያዬ ነበር። ነፋስ አለው? የለውም? ይኸው ነው የማውቀው። ቀለሙን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።»

ናርዳ ገባች። ውሃው ከበላይዋ ተከደነ። ክፍል ሁለትም እዚያው ላይ አለቀ። አባዬ ግን አልተቆጡም። ማዕድ ካነሣሁ በኋላ ነው፣ እንደ ዘበት፦

«ለዚያ ሐኪም ቀጠሮ አስይዢልኝ።»

ጥር 3

ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይን መረመረ። የግራው አይሆንም። የቀኙ ሞራ ይገፈፋል፤ ከኋላ ያለው ነርቭ ግን ተጎድቷል። «ብርሃን፣ ቀለም፣ የሰው ፊት በቅርበት... ፊደል ግን ተስፋ አልሰጣችሁም» አለ። አንገቴን ደፋሁ። አባዬ «ይበቃል» አሉት።

ጥር 17

ትናንት የቀኝ ዓይናቸው ተሠራ፤ ዛሬ ፋሻው ተነሣ።

መጀመሪያ እጃቸውን አዩ፣ እያገላበጡ። ቀጥሎ እኔን። ጠጋ አሉ፣ አፍንጫችን ሊነካካ ምንም አልቀረ።

«አርጅተሻል» አሉኝ።

ነርሷ ሳቀች። እኔ ግን አለቀስሁ። ቤት ስንደርስ መጽሐፉን አንሥተው ዓይናቸው ሥር አስጠጉት፣ አራቁት፣ ወደ መስኮቱ አዞሩት። መልሰው ሰጡኝ።

ጥር 20

ሲነጋጋ ሐይቁ ዳር ወረድን። ክንዴን ይዘዋል። ጭጋጉ ገና አልተነሣም፤ ታንኳ የሚቀዝፍ አንድ ሰው ውሃ ላይ የሚራመድ ይመስላል። ድንጋይ ላይ አስቀመጥኋቸው። ፀሐይ ወጣች። ውሃው መጀመሪያ አመድ፣ ቀጥሎ... እኔም እኮ አይቼው አላውቅም። በየቀኑ በአጠገቡ እየሄድሁ።

«የርግብ አንገት አይደለም» አሉ።

«ታዲያ ምን ይመስላል?»

«ዝም በይ፣ ልየው።»

ሥራ አንድ ሰዓት አረፈድሁ።

የካቲት 5

ወደ ዘጌ ተመለሱ። «መንገዱን ካየሁ ቤቴ እገባለሁ» አሉ። ልለምናቸው አስቤ ነበር። ነጠላቸውን አጣጥፈው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ሲነጋ ጀምሮ ቁመው ሲጠብቁኝ ሳይ ግን ተውሁት። መስዑድ ደግፎ ጀልባው ላይ አወጣቸው።

ማታ ለሁለት ሰው ራት ሠርቼ...

መጋቢት 14

መጽሐፎቹ ቢሯችንን ዞሩት። የሒሳብ ክፍሏ እናትዓለም ትናንት መዝገብ ልትወስድ መጥታ፣ መዝገቡን ረስታ ስለ ወፉ ስትከራከር ቆየች። ከዚህ በፊት ከእሷ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግሬ አላውቅም። መሪማ ተራ የሚጠብቁትን ስም ትይዛለች። ዘጠኝ ደርሰዋል።

መጋቢት 29

መስዑድ የአባዬን መልእክት አመጣ። «ሦስተኛው አልታተመም ወይ?» ይላሉ። ሰላምታ እንኳ አልላኩም!

ግንቦት 12

ገድሉ ደወለ። «ደርሷል።» ይህንኑ ብቻ ብሎ ዘጋው።

ከመሪማ ጋር ፈቃድ ጠይቀን ወጣን፤ እየሮጥን ማለት ይሻላል። ክፍል ሦስት። አዲስ ነው፣ ሽፋኑ ያብረቀርቃል። ላስቲኩ ዳር ቁመን ተያየን።

«እንገልጠው?» አለች።

«አባዬ...»

«እሺ። ግን እኔም እመጣለሁ። ትተሽኝ ብትሄጂ መስዑድ ጀልባ አይሰጥሽም።»

ዘጌ እስክንሄድ ስድስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ሊቀመጥ ነው። እንዴት ነው የሚቻለው?

ግንቦት 18

ዘጌ። አሁን ተመልሼ ነው የምጽፈው፤ ድምፄ ተዘግቷል።

አባዬ ጎጆ ሄጄ ለሦስታችን የማነብ መስሎኝ ነበር። ከጀልባው ስንወርድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ፣ ዋርካው ሥር ሰዎች ተቀምጠው አየሁ። እማሆዮች ናቸው፤ አሥር ይሆናሉ። ሦስት አረጋውያን ካህናትም አሉ። አባዬ መካከል።

አንዷ፣ እማሆይ ፅጌ ማርያም፣ ተነሥተው እጄን ያዙ። «ያችን ልጅ ውሃ ሥር ከተውናት ቆየን። ትተነፍሳለች?»

አባዬን አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። ክፍል አንድንም፣ ክፍል ሁለትንም በቃላቸው ነግረዋቸዋል። ከየካቲት ጀምሮ፣ ሰንበት በሰንበት። የአካሉን የእርሳስ ጽሑፍ እንኳ ሳያስቀሩ!

«እኔም ገና አላነበብሁትም፣ እማሆይ» አልሁ።

«በይ ተቀመጪ። እሷስ?»

«ጓደኛዬ ናት፣ መሪማ። መጽሐፉን መጀመሪያ የሰጠችኝ እሷ ናት።»

እማሆዮቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላት። መሪማ ሻሿን አስተካክላ መካከላቸው ተቀመጠች። አንዷ ቆሎ በእፍኛቸው ሰጧት።

መጽሐፉን ገለጥሁ። ድምፄ አልወጣም። ዕድሜዬን ሁሉ ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ፣ ሰው እንዳይሰማኝ እየፈራሁ ያነበብሁ ነኝ... ለአባዬም ቢሆን በቤቴ፣ በጎናቸው ሆኜ። ያ ሁሉ ፊት! ከኋላ አንዱ ካህን ለሌላው ነገሩን ከመጀመሪያው ያስረዳሉ፣ ሌላው ጆሯቸው ስለማይሰማ ይጮኻሉ። የጀመርሁት ቃል ጠፋብኝ። ለመሪማ ልሰጣት እጄን ዘረጋሁ።

አባዬ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። በጥምቀት ካህናቱን በሚያሰልፉበት በዚያ ድምፅ፦

«ዝም በሉ እስቲ! ልጄ ልታነብ ነው።»

ሁሉም ዝም አለ።

መጽሐፉን መልሼ ወደ ራሴ አቀረብሁ። ሐይቁ ላይ የመስዑድ ሞተር ድምፅ እስኪርቅ ጠበቅሁ። ምዕራፍ አንድ። ድምፄ ያን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር።