የመምህርት ላቀች ወልዴ ዕረፍትና የተፋቀው የስም ገጽ

በፋይሰል የኢትዮጵያውያን ስደተኞች መረዳጃ ማኅበር
ካይሮ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለማኅበሩ አባላት፣ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ

ማኅበራችን ብዕር ያነሣው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የትምህርት ክፍላችን መሥራችና ኃላፊ መምህርት ላቀች ወልዴ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ረቡዕ ነሐሴ 2 ቀን 1999 ዓ.ም. በአርባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን በጥልቅ ሐዘን ለማስታወቅ ነው። ሁለተኛው፣ እርሳቸው የደከሙበት በኮምፒውተር የሚሰጥ ትምህርት ስማቸው ተፍቆና ለመምህራን ተቈልፎ በሌላ አካል ስም እየተሠራጨ ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛውን ሳይናገሩ የመጀመሪያውን ብቻ ማወጅ በሟቿ ላይ ሌላ በደል መጨመር ይሆናል ብለን አምነናል።

መምህርት ላቀች በ1953 ዓ.ም. በወሎ ወረኢሉ ተወለዱ። በደሴ ከተማ በአንደኛ ደረጃ መምህርነት ዐሥራ አንድ ዓመት አገለገሉ። በ1990 ዓ.ም. በስደት ካይሮ ከገቡ በኋላ በሞሃንዲሲን ሰፈር በሰው ቤት ተቀጥረው እየሠሩ፣ ዓርብ ዓርብ በፋይሰል በተከራየነው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ያለ ምንም ክፍያ አስተማሩ።

በ1994 ዓ.ም. ለማኅበራችን ሦስት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ተለገሱ። የአማርኛ ፊደል በወጉ አልተጫነባቸውም ነበር፤ በአንዱ ላይ የተጻፈ ቃል በሌላው ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታይ ነበር። መምህርት ላቀች ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ፊደላት በእጃቸው በጥቁር ቀለም ጽፈው፣ በፋይሰል ጎዳና በሚገኝ ፎቶ ኮፒ ቤት በስካነር አስነሥተው፣ እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻው ሥዕል አድርገው አስቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ማናቸውም መምህር ሥዕሎቹን እያሰለፈ የፈለገውን ቃል በማናቸውም ኮምፒውተር ላይ ማሳየት ቻለ። ይህ ሁሉ የተሠራው በሳምንት አንድ ቀን ከምትገኝ ዕረፍታቸው ላይ እየተቀነሰ ነው።

በ1996 ዓ.ም. በሰው ቤት ለሚሠሩ እኅቶቻችን «የቤት ዓረብኛ» የተሰኘውን ሃያ ሁለት ትምህርት አዘጋጅተው በሲዲ አወጡ። ሥዕሉ፣ ጽሑፉና ድምፁ በየራሱ ፋይል ተቀምጧል፤ አንዱን የሚያርም ሌላውን እንዳያፈርስ ታስቦ ነው። የሚኒባሱ ጡሩምባ እንዳይገባ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነው የሠራተኛዋን ድምፅ ራሳቸው፣ የማዳሟን ድምፅ የማኅበሩ አባል ወይዘሮ ጠጂቱ ቀዱ። በትምህርት ዐሥራ አራት ሠራተኛዋ «ላው ሰማህቲ ያ ማዳም፣ አና ዐያና» ትላለች፤ እባክዎ እመቤት፣ አሞኛል ማለት ነው። ማዳሟ «ቡክራ፣ ቡክራ» ብላ ለነገ ስትቀጥራት፣ «ላእ፣ ኢንናሃርዳ» ብላ ዛሬውኑ መሄድ እንዳለባት ትመልሳለች። ቀጥሎ ወደ ክሊኒክ የሚወስደው መንገድ በሥዕል ይታያል። ይህን መልስ በክፍላችን ተለማምደው በሥራ ቤታቸው የተናገሩ ብዙዎች ናቸው።

በ1997 ዓ.ም. በኦልድ ካይሮ በማር ጊርጊስ ሜትሮ ጣቢያ አጠገብ የሚያስተምሩ መምህራን ስለ ሚኒባስ የሚናገረውን ትምህርት ዘጠኝ ወስደው ለሜትሮ ተሳፋሪ አደረጉት። ሰባት ሥዕልና አራት ድምፅ ብቻ ለውጠው ሥራው በሁለት ዓርብ አለቀ፤ ከባዶ ቢጀምሩት ወራት በፈጀባቸው ነበር። መምህርት ላቀች ለሚወስድ ሁሉ የደነገጉት አንድ ሕግ ብቻ ነበር። «ውሰዱ፤ እንደሚበጃችሁ ለውጡ፤ ከእናንተ በፊት የለፋውን ሰው ስም ግን አትንኩ» ይላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትምህርት መጨረሻ የስም ገጽ አለ። ያዘጋጀው፣ ያረመው፣ ድምፁን የሰጠው ሰው ከነቀኑ ይመዘገብበታል። በትምህርት ዘጠኝ የስም ገጽ ላይ ዐሥራ አንድ ሰዎች ተመዝግበው ነበር። ብዙዎቹ በሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ በዚህ ከተማ ስማቸው ከስደተኛ መዝገብ ቊጥር ተለይቶ የተጻፈበት ሌላ ቦታ አናውቅም።

በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ኮምፒውተሮቹን የለገሰው ድርጅት፣ ስሙን ለጊዜው ከመጥራት ተቈጥበናል፣ «ለማደስ» በሚል ኮምፒውተሮቹን፣ «ለማባዛት» በሚል ደግሞ ዋና ቅጂዎቹንና በእጃችን የቀሩትን ሲዲዎች ሁሉ ወሰደ። ኮምፒውተሮቹ ባዶ ሆነው ተመለሱ። ዋና ቅጂዎቹ አልተመለሱም። በየካቲት የድርጅቱ ዓርማ ያለበት አዲስ ሲዲ ወጣ። የመምህርት ላቀች የእጅ ጽሕፈት አለ፣ ድምፃቸው አለ፤ የስም ገጹ ግን ከሃያ ሁለቱም ትምህርቶች ተነሥቷል። ፋይሎቹ በይለፍ ቃል ስለ ተቈለፉ መምህር አንዲት ፊደል ማረም አይችልም። በሲዲው ልባስ ላይ ድርጅቱ ራሱ በጻፈው ባለ አራት መስመር የአማርኛ መግለጫ ውስጥ ስድስት ስሕተት ቈጥረናል፤ እነርሱንም ማረም አልተፈቀደልንም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት መሸፈን አይገባንም። ኮምፒውተሮቹ በተወሰዱበት ቀን አራት ገጽ የእንግሊዝኛ ወረቀት ቀርቦልን፣ የዕቃ ደረሰኝ መስሎን፣ የዕለቱ መገኛ መዝገብ በሚፈረምበት ጠረጴዛ ላይ ሳናስተረጕም ፈርመናል። ስደተኛ የቀረበለትን ወረቀት መፈረም ልማዱ ሆኗል፤ ያልፈረመ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመለሳልና። ከፈረሙት ሁለት ሰዎች አንዱ ሊቀ መንበሩ አቶ ለገሠ፣ ሁለተኛው የዚህ መግለጫ ጸሐፊ ናቸው። መምህርት ላቀች አልፈረሙም፤ አልተጠየቁምም። የእኛ ፊርማ የእርሳቸውን ድካም ለማንም ማስተላለፍ እንደማይችል ግን ሕግ የማያውቅም ሰው ያውቀዋል።

በሰኔ ወር የማኅበሩ አባላት አቶ ፍቅሩና ወይዘሮ ጠጂቱ ተወክለው በሞሃንዲሲን ወደሚገኘው የድርጅቱ ቢሮ ሄዱ። በቃለ ጉባኤያችን እንደ ሰፈረው፣ የቢሮው አስተርጓሚ፣ የአገራችን ልጅ፣ «ማሌሽ እትዬ ጠጂቱ፤ ሥራው ያዕኒ የፕሮጀክቱ ነው፣ ፋይሉ ኸላስ ተዘግቷል» አለ፤ ይቅርታ፣ ነገሩ አብቅቷል እንደ ማለት ነው። ወይዘሮ ጠጂቱም «ማዳሟ እኮ እኔ ነኝ፤ ሲዲው ውስጥ ስታመናጭቅ የምትሰማት እኔን ነው። እኔም የፕሮጀክቱ ነኝ?» ሲሉ ጠየቁ።

ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻ ቢሆን በሐዘናችን ሰሞን ድምፃችንን ከፍ ባላደረግን ነበር። በትምህርት ዐሥራ አራት የሚታየው ክሊኒክ በመጋቢት ወር ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሯል። የተቈለፈው ሲዲ ዛሬም የድሮውን በር ያሳያል። በግንቦት ወር ተማሪያችን ወይዘሪት ኑሀሚን ትኵሳት ይዟቸው፣ ሲዲው ያሳያቸውን መንገድ ተከትለው ሄደው የተዘጋ በር አገኙ፤ ትክክለኛው ቦታ የደረሱት በሦስተኛው ቀን ነው። ዛሬ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ። መምህርት ላቀች ይህን ሲሰሙ በሐኪም ቤት ተኝተው ነበር። እዚያው ሆነው አዲሱን መንገድ በእጃቸው ሣሉ፤ ድምፃቸውንም እያረፉ በአቶ ፍቅሩ መቅጃ ቀዱ። አቶ ፍቅሩ እርማቱን ለማስገባት ሲሞክሩ ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ጠየቀ። የይለፍ ቃሉን ለማግኘት ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍን። መምህርት ላቀች እርማታቸው ሳይገባ ዐረፉ።

ሥርዓተ ቀብራቸው ሐሙስ ነሐሴ 3 ቀን በኦልድ ካይሮ ተፈጽሟል። ለልጃቸው ለወይዘሪት ማክዳ፣ ለወንድማቸው ለአቶ ኤርሚያስ ወልዴ፣ አብረዋቸው ለደከሙ መምህራንና ፊደልን ከእጃቸው ለተቀበሉ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ነፍሳቸውን አምላክ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።

በቀብሩ ዕለት ከድርጅቱ የአበባ ጕንጕን ተልኮ ነበር። በጥብጣቡ ላይ የመምህርት ላቀች ሙሉ ስም በትክክል ተጽፏል። ስማቸውን አናውቅም ነበር የሚል ሰበብ ከእንግዲህ አይቀርብልንም። ስለዚህ ድርጅቱ የሃያ ሁለቱን ትምህርቶች ዋና ቅጂ ከነይለፍ ቃሉ እንዲመልስ፣ የስም ገጾቹን በነበሩበት እንዲያኖር፣ ከሁሉ አስቀድሞም የትምህርት ዐሥራ አራት እርማት እንዲገባ እንጠይቃለን። እርማቱ በሲዲ ተገልብጦ ከዚህ መግለጫ ቅጂ ጋር ለድርጅቱ ተልኳል።

የትምህርት ክፍላችን እሑድ መስከረም 12 ቀን 2000 ዓ.ም. አዳዲስ ተማሪዎችን ይቀበላል። ከእነርሱም መካከል የሚታመሙ አይጠፉም። ስለዚህ የድርጅቱን ኃላፊ ፊርማ የያዘ መልስ እስከ ረቡዕ ነሐሴ 30 ቀን 1999 ዓ.ም. ድረስ በጽሑፍ እንዲደርሰን እንጠይቃለን። በስልክ ወይም በአስተርጓሚ በቃል የሚሰጥ ምላሽ አንቀበልም። መልሱ በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ በዚህ ጊዜ ግን እናስተረጕመዋለን።

ካሣዬ ብዙአየሁ
ጡረተኛ የቋንቋ መምህር፣ የማኅበሩ ጸሐፊ