ጫጩት መፈልፈያ ይሠሩ የነበሩት የወ/ሮ ሮማነወርቅ ደግፌ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ሮማነወርቅ ደግፌ ከአባታቸው ከአቶ ደግፌ ኦልጅራ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጉዴ ቶኩማ ኅዳር 12 ቀን 1947 ዓ.ም. በደጋማዋ ጎጆ ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አምቦ በሚኖሩት አክስታቸው ቤት ተቀምጠው የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። ጎጆ ያደገ ሰው ብርድ አይፈራም ይባላል፤ እሳቸው ግን በበጋም ቢሆን ሹራብ ከላያቸው አይወልቅም ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የጽሕፈት ሥልጠና ወስደው አምቦ ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠሩ። በዚያው መሥሪያ ቤት አርባ ዓመት አገልግለዋል። በ1970 ዓ.ም. ከአቶ ቱፋ ጉግሳ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሃቦኔን፣ ኢዶሳንና ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀውን የመጨረሻ ልጃቸውን ሮቤራን አፍርተዋል። አቶ ቱፋ በ2003 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

የወ/ሮ ሮማነወርቅ የእጅ ሥራ የተጀመረው ከታይፕ መኪናቸው ነው። መኪናው ሲበላሽ ጠጋኝ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ደብዳቤው እየተከመረ ስላስቸገራቸው፣ ራሳቸው ፈተው መግጠም ለመዱ። ከቦርሳቸው መስተዋት ሊጠፋ ይችላል፣ ካቻቢቴ ግን አይጠፋም ነበር። ቀጥሎ የቤቱ ሬዲዮ፣ ከዚያም የጎረቤት ካውያ መጣ። ይህን ሁሉ ያስተማራቸው ሰው አልነበረም።

በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ጊዜያቸውን የሰጡት ለጫጩት መፈልፈያ ነው። በተበላሸ ፍሪጅ ቀፎ ውስጥ ሁለት አምፖል፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተፈታ ማራገቢያ እና ሙቀት ሲበዛ አምፖሉን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ገጠሙ። የመጀመሪያው መቆጣጠሪያ ከካውያ የተወሰደ ነበርና ያስገቡት ሠላሳ እንቁላል ሁሉ ተቀቀለ። ሰፈርተኛው ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። በዓመቱ በሌላ መቆጣጠሪያ ከሠላሳ እንቁላል ሃያ አራት ጫጩት አወጡ። መብራት ሲጠፋ በመኪና ባትሪ ይተኩ ነበር። እንቁላል በገባ ቁጥር ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ከቤት አይርቁም ነበር። በዚህ የተነሣ የወንድማቸው ልጅ ሠርግ እንኳ አምልጧቸዋል፤ ለቅሶ ግን ቀርተው አያውቁም። ሥራው ለእሳቸው መዝናኛ እንጂ ንግድ ስላልነበረ፣ ከአምቦ እስከ እንጭኒ ለጠየቃቸው ሁሉ እየሠሩ ሰጥተዋል።

በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. ሮቤራ በካቺሲ መምህር ሳለ፣ ባለቤቱ ፌቨን ልትወልድ ሁለት ወር ሲቀራት ምጥ ያዛት። ወ/ሮ ሮማነወርቅ በዚያ ሳምንት ለሮቤራ ጎረቤት ለኦቦ ኦሊቃ የሠሩትን መፈልፈያ ሊገጥሙ ካቺሲ ነበሩ። ሕጻኗ ከአንድ ኪሎ ተኩል በታች ሆና ተወለደች። በአቅራቢያው የሕጻናት ማሞቂያ አልነበረም፤ ወደ አምቦ የሚወስደውንም መንገድ ዝናብ ቆርጦታል። ሮቤራ ሕጻኗን መፈልፈያው ውስጥ እንዲያስገቡለት እናቱን ለመነ። እሳቸው እምቢ አሉ። ሣጥኑ ሙቀት እንጂ ትንፋሽ እንደማይጠብቅ፣ መቆጣጠሪያው ቢሳሳት እንቁላል እንደሚተካ፣ ልጅ ግን እንደማይተካ ነገሩት። እሱም በኦቦ ኦሊቃ ግቢ፣ የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ «ለሰው ጫጩት ያልነፈግሽውን ለልጄ ነፈግሽ» አላቸው።

 ፌቨንን ያዋለደችው አዋላጅ እንደመከረቻቸው እሳቸው ሕጻኗን ራቁቷን እናቷ ደረት ላይ አድርገው በጋቢ ጠቀለሉ። ፌቨን ስትደክም እሳቸው ተቀብለው በራሳቸው ደረት ያሞቋት ነበር። የመፈልፈያውን ቴርሞሜትር አውጥተው፣ በአልኮል ጠርገው ጋቢው ውስጥ አደረጉ፤ በየግማሽ ሰዓቱም እያዩ በደብተር መዘገቡ። ሦስት ቀን ጎናቸው መሬት አልነካም። በአራተኛው ቀን መንገዱ ተከፍቶ አምቦ ሲደርሱ፣ ሐኪሙ ሕጻኗን ያተረፋት የእናቷና የአያቷ ደረት መሆኑን፣ ሣጥን ውስጥ ተዘግታ ቢሆን ግን ትንፋሿ ሲቋረጥ የሚያይላት እንደማይኖር ለሮቤራ አስረዳው። ጃለኔ ብለው ስም ያወጡላት አያቷ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ በሠሩት መፈልፈያ ሁሉ ክዳን ላይ «ለእንቁላል ብቻ» ብለው በአማርኛና በኦሮምኛ በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር። ሮቤራ ደግሞ ከሄደበት ከተማ ሁሉ የተበላሸ ሬዲዮ፣ ሽቦና ማራገቢያ ያመጣላቸው ጀመር። ጥፋቱን ያውቅ ነበር። ይቅርታውን ግን ለፋሲካ ሲል ለመስቀል፣ ለመስቀል ሲል ለገና እያሳደረ ዓመታት አለፉ። እሳቸውም አንድ ቀን አላነሡበትም፤ ያመጣውን ተቀብለው «ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው ያመሰግኑት ነበር።

ወ/ሮ ሮማነወርቅ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የልብ ሕመም በአምቦና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው አርፈዋል። ባረፉበት ዕለት መፈልፈያቸው ውስጥ አሥራ አራት ቀን የሞላቸው እንቁላሎች ነበሩ፤ ሃቦኔ እያገላበጠቻቸው ነው። የሦስት ልጆች እናትና የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ጃለኔ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች።

ኦቦ ኦሊቃና ያን ዕለት በግቢያቸው የነበሩ ጎረቤቶች ከካቺሲ መጥተው ዛሬ ከእኛ ጋር ቆመዋል። በሰው ፊት የተነገረ ክፉ ቃል በሰው ፊት ይነሣል። ስለዚህ ሮቤራ በእነዚሁ ሰዎች ፊት ቃሉን ያነሣል፦ እማዬ፣ ምንም አልነፈግሽኝም። ልክ እንደነበርሽ ከሐኪም ቤት ስወጣ አውቄ ነበር። በሕይወት ሳለሽ ስላልነገርኩሽ ይቆጨኛል።

አምላክ የእናታችንን ነፍስ ከደጋግ እናቶች ጋር ይደምርልን። ለቀረነውም፣ መናገር የሚገባንን በጊዜው የምንናገርበት አንደበት ይስጠን። አሜን።