ለበርኖሱ ያልደረሰው አምፖል

ለተከበሩ የአካባቢያችን የመብራት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ ብርዱም ጉሙም በማይደርስበት ቢሮዎ ተቀምጠው ይህን ደብዳቤ ለማንበብ የሚበቃ ጤናና ብርሃን እንዲሰጥዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጓሳ ግርጌ የምኖር ሸማኔ ነኝ። ባለቤቴ ወይዘሮ ውባየሁ የበግ ጸጉር ትፈትል ነበር፤ እሷ የፈተለችውን እኔ በርኖስ አድርጌ እየሠራሁ አብረን አርጅተናል።

1ኛ፦ ስለ ዘመቻው አመሰግናለሁ። ሠራተኞችዎ መንደራችን ድረስ መጥተው፣ ጠምዛዛው ቆጣቢ አምፖል ጊዜው እንዳለፈበት፣ ኤልኢዲ የሚባለው አዲሱ ግን ትንሽ ኃይል በልቶ ብዙ እንደሚያበራና ዕድሜውም ረጅም እንደሆነ በትሕትና አስረድተውናል። እውነታቸውን ነው። አዲሱን ለማግኘት አሮጌውን ማስረከብ ግድ ነው ሲባልም ደህና የሚሠራውን አምፖላችንን ፈትተን ሰጠን። ውባየሁማ በመንገድ እንዳይሰበርባቸው ብላ፣ ለበርኖስ ከመረጠችው ጥቁር ጸጉር ቆንጥራ ጠቅልላ ነው ያስረከበቻቸው። አዲሱ ነገ ይመጣል ተባልን፤ የትልቅ ሰው ቃል ነው ብለን አምነን ተቀመጥን።

2ኛ፦ ስለዚያ ነገ ርዝመትም ማመስገን ይገባኛል። ክረምቱ ገባ፤ ጉሙ ደጃፋችን ላይ ተኛ። የደጋ ቤት ለብርዱ ሲባል መስኮቱ ጠባብ ነውና ቀኑንም ቢሆን ቤቱን የሚያሳየን ያ አምፖል ነበር። ውባየሁ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሳል ጠንቶባት አልጋ ላይ ዋለች። ሐኪሙ ጭስ እንዳይደርስባት አጥብቆ ነግሮን ስለነበር ኩራዝ ስለኩስ ትስላለች፤ ሳጠፋው እንዝርቷን በዳበሳ ትፈልጋለች። ተይው፣ ይቅርብኝ ብላት፣ ዕድሜህን ሙሉ የሰው በርኖስ ስትሠራ ኖረህ ላንተ አንድ ሳላስቀር አልሞትም ብላ እምቢ አለችኝ።

ቢሮዎ በተመላለስኩ ቁጥር ጸሐፊዎ ወንበር እየሰጠችኝ፣ አምፖሉ መንገድ ላይ ነው እያለች በመልካም ፊት ሸኝታኛለች። ለወንበሩ እግዜር ይስጥልኝ።

3ኛ፦ በርኖሱ አልቋል። የፈተለችውን ይዤ ደጅ ስወጣ ግማሹ ቡናማ ሆኖ አገኘሁት። በጨለማ ጥቁሩንና ቡናማውን ጸጉር ማን ይለያል? ዕድሜዋን ሙሉ ጸጉር ስትመርጥ ተሳስታ አታውቅም። ብተወው መሳሳቷን ልታውቅ ነውና እንዳለ ሠራሁት። አምጥቼ ሳለብሳት በእጇ ዳበሰችው፤ ጥቁር ነው ወይ አለችኝ። ጥቁር ነው አልኳት።

ሳሏ የቆየ ነው፤ ሞቷን በእርስዎ አላላክክም። ነገር ግን የመጨረሻ ሥራዋን በዓይኗ አይታ እንድትሄድ የሚያስችል አንድ አምፖል ነበራት፤ እሱን ወሰዳችሁባት። ይህ ያንገበግበኛል። በርኖሱን ለብሼ ሞላሌ ገበያ እወጣለሁ። ሸማኔ ሆኖ ይህን ለበሰ ብሎ የሚስቅ ካለም፣ ጥቁሩን ውባየሁ ፈተለችው፣ ቡናማው ግን የክቡርነትዎ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው ብዬ እመልስለታለሁ።

ዘመቻዎ እንዲሰምር፣ ነገዎም እንደ እኛ ነገ እንዳይረዝምብዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ።

ቢተው ወልደ አማኑኤል፣ ሸማኔ
ከመንዝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ አምፖሉ መድረሱን ሰማሁ። ልረከብ ብሄድ ግን አሮጌውን ያስረከበችው ወይዘሮ ራሷ ካልቀረበች አይሰጥም ተባልኩ። ደንብ ነውና አልተከራከርኩም። ውባየሁ ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጓሮ፣ ከትልቁ ጽድ ሥር ናት። ሠራተኛዎ አምፖሉን ይዞ እዚያው ድረስ ይምጣና ያስረክባት፤ መስመር ግን ገና አልተዘረጋላትም።