ሙጫ ስለጠጣው የሐጂ ሙርሳል ቤት መስኮት

ለተከበሩ ሙባሪዝ ሙአሊም
የሐጂ ሙርሳል ቤት ሙዚየም ኃላፊ
ሸኪ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ፤ በረዶ ሲገባ የሚነሳብዎት ሳልም እንደተሻለዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሐሙስ ሐሙስ እናቴን የሙዚየምዎን ወለል በመጥረግ የማግዝ ልጅ ነኝ። አያውቁኝም፤ እርስዎ ሲገቡ ከበሩ ኋላ እቆማለሁ። ፊትዎ ቆሜ መናገር ስለማልደፍር በጋዜጣ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጫለሁ።

፩. የአዳራሹ መስኮት ነፋስ ሲነካው ኮሽ ኮሽ ማለቱን እንደ በሽታ ስለቆጠሩልን አመሰግናለሁ። አርባ ዓመት እየጠገኑ የጠበቁት አያቴ፣ የመስኮት ጥበበኛው ኡስታ ሁሳመዲን፣ ጤንነቱ ይመስላቸው ነበር። በእኛ ከተማ ባለቀለሙ መስታወት በእንጨት ፍርግርግ የሚያዘው ያለ ሚስማርና ያለ ሙጫ ነው፤ እንጨቱ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ መስታወቱም ቦታ ይለቅለታል። ይህን የሸኪ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እርስዎ ግን ትልቅ ሰው ነዎት።

፪. እንግዶች ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር ፍርግርጉን በሙጫ ስላስሞሉልን አመሰግናለሁ። አያቴ እየሮጡ መጥተው፣ «ሙባሪዝ፣ ልጄ፣ ተው! ይታነቃል እኮ!» ቢሉ፣ «ኡስታ፣ መስኮት ነው እንጂ ዶሮ አይደለም፤ ሂድና ሻይህን ጠጣ» ብለው ሠራተኞቹን በሳቅ ገደሏቸው። አያቴም በሰባ ስድስት ዓመታቸው «አንተ» ተብለው ልጅነታቸው ተመለሰላቸው።

፫. በጥር እንጨቱ አበጠ፤ መስታወቱ መሄጃ አጣ። አሥራ አንድ ቀይና አራት ሰማያዊ ተሰነጠቀ። እርስዎ ግን ጥፋተኛውን ባንድ ቀን ማግኘትዎ ያስደንቃል። «በኡስታ ሁሳመዲን የሥራ ጉድለት አዳራሹ ተዘግቷል፤ እሳቸውም ወደ ግቢው እንዳይገቡ ተከልክለዋል» የሚለው ወረቀት በዚያው ሙጫ በሩ ላይ ስለተለጠፈ ዝናብም አላነሳውም።

ከዚያ ወዲህ አያቴ ገበያ አይወጡም። ለመጨረሻ ጊዜ የወጡ ዕለት አንዱ ነጋዴ፣ «ኡስታ፣ የሰበርከውን መቼ ትገጥመዋለህ?» አላቸው። ቢላዎቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከአልጋ ሥር ከተዋል። ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎት ወረቀቱን አንስተው፣ የጸደይ ዝናብ ቀሪውን መስታወት ሳይጨርሰው በፊት አያቴ መስኮቱን ፈትተው እንዲያድኑት ያስገቧቸው ዘንድ ነው።

ባለፉ ቁጥር ግድግዳ ተጠግታ መንገድ የምትለቅልዎ፣ ለክብርዎ ከወገቧ ሰበር የምትል፣
ቱራጅ፣ የኡስታ ሁሳመዲን የልጅ ልጅ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሐሙስ ከደረጃው በላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት ለእንግዶች እያሳዩ፣ «ይቺ አንድም አልተሰነጠቀች፤ ይኸው የሙጫችን ሥራ!» ሲሉ ሰማሁ። እሷ ውስጥ ሙጫ የለም። ያኔ ሠራተኞችዎ እሷንም ሞልተው ምሳ ሲሄዱ፣ ሳይደርቅ፣ በአያቴ ቢላዋ ፍቄ አወጣሁት። አያቴ ጋዜጣ አያነቡም፤ ቢላዋቸውን መንካቴን እባክዎ አይንገሩብኝ።